ጭላሎ ሲጨስ

የበልግ ትንበያ የሚነገርበት ቋንቋ የታወቀ ነው። «መደበኛና ከመደበኛ በታች የሆነ ዝናብ ያገኛሉ ተብሎ ይጠበቃል» ይባልና የአካባቢዎች ስም ይደረደራል፤ አርሲ፣ ባሌ፣ ጉጂ፣ ቦረና፣ ሰሜን ሸዋ፣ ደቡብ ወሎ። ከዚያ ምክር ይከተላል። ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር ይምረጥ፣ አርብቶ አደሩ ውኃና መኖ ይቆጥብ፣ የሚመለከታቸው አካላትም አስፈላጊውን ቅድመ ዝግጅት ያድርጉ። እነዚህ «የሚመለከታቸው አካላት» እነማን እንደሆኑ ብዙም አይነገረንም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ስለ ዘሩ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ጎርፉ ይህን ያህል የሚመክረን ትንበያ በሬዲዮ ተጨምቆ ጆሯችን ሲደርስ ስለ እሳት ድምፁ ዝቅ ማለቱ ነው። የበልጉ ዝናብ ዘገየ ማለት እኮ ደጋው ደረቀ ማለት ነው።

አሰላ ላደገ ሰው የቀረውን መንገር አያስፈልግም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጭላሎ ግርጌ ተቀምጣለች፤ ተራራው ራሱ 4,000 ሜትር ያልፋል። ከጥር አጋማሽ ወዲያ የሌሊቱ ውርጭ ሣሩን ገርፎ ገለባ ያደርገዋል፣ የቀኑ ፀሐይ ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። በእነዚህ ሳምንታት ማታ ወደ ተራራው ቀና ያለ ሰው አንዳንዴ በጨለማው ላይ የሚሄድ ቀጭን ቀይ መስመር ያያል። «ጭላሎ ጨሰ» ይባላል፣ ይታለፋል። ጭሱ ከደመናው ቀድሞ የሚመጣ የበልግ መልእክተኛ ነው ቢባልም ፈጽሞ ስሕተት አይደለም። እረኛው የሚለኩሰው ዝናቡ ሊገባ ነው ብሎ ሲገምት ነዋ!

ስለ ወቅቱ ስም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ዛሬ ከተሜው «ጸደይ» ሲል የሚታየው አደይ አበባና መስከረም ነው። በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ በልግም የሚባለው፣ የዘር ወቅት ነው፤ መስከረም 26 የሚገባው መጸው ነው። የሜትሮሎጂ ሰዎች ደግሞ በልግን ከየካቲት እስከ ግንቦት ይቆጥሩታል። እንግዲህ የካቲትና መጋቢት በአንዱ አቆጣጠር ገና በጋ ናቸው፣ በሌላው በልግ ገብቷል። እሳቱ የሚነሣው በዚሁ መሐል ነው፤ ዝናቡ ይጠበቃል፣ አልመጣም።

ይህ መጠበቅ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳየን 1992 ዓ.ም ነው። የ1991 በልግ በብዙ ቦታ ከሽፎ ነበር። የ1992ቱም የሚገባበት ጊዜ አልፎ አልገባም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ ላይ ላ ኒኛ የሚባለው የውኃ መቀዝቀዝ ሰፍኖ ነበር። ኤል ኒኞን ሁላችንም በስም እናውቀዋለን፤ ክረምቱን የሚቀማን እሱ ነው። እኅቱ ላ ኒኛ ክረምቱን ለቀቅ ታደርግና ብዙ ጊዜ የምትይዘው በልጉን፣ በተለይም የደቡቡንና የደቡብ ምሥራቁን ዝናብ ነው። ያን ዓመት በጎዴ ሕፃናት በረሃብ ሲያልቁ የዓለም ካሜራ ወደዚያ ዞረ። ያው ድርቅ ከጎዴ በስተ ምዕራብ፣ ከፍ ባለው አገር ላይ ሌላ ሥራ እየሠራ ነበር።

ሁለተኛም ነገር አለ። የበልግ ዝናብ እርጥበቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። ኢትዮጵያዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ዱላ ሻንቆ ከፈረንሳዊው ፒየር ካምበርሊን ጋር ባሳተሙት ጥናት አንድ የሚያስገርም ዝምድና አሳይተዋል፤ በማዳጋስካር አካባቢ አውሎ ነፋሶች ተከታትለው በሚነሡባቸው ዓመታት የኢትዮጵያ በልግ ይሳሳል። በየካቲት 1992 አጋማሽ ኤሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ማዳጋስካርን አቋርጦ ሞዛምቢክን መታ። ጎርፍ ከቧት ዛፍ ላይ ልጅ የተገላገለችው እናት በሄሊኮፕተር ስትነሣ ያየን ሁሉ እናስታውሳለን። በዚያው ሰሞን የሐረና ደን ይነድ ነበር። ሁለቱ ዜናዎች በተለያየ ገጽ ላይ ቢወጡም ዝምድና ሳይኖራቸው አይቀርም።

እርጥብ ደን አይነድም የሚለው እምነት ያን ዓመት ተሰበረ። ሐረና ከባሌ ተራሮች ደቡባዊ ቁልቁለት የሚወርድ፣ ጉም የማይለየው፣ በታችኛው ክፍሉ የዱር ቡና የሚበቅልበት ደን ነው። እንዲህ ያለው ደን ሲደርቅ እንደ ሣር ሜዳ ወዲያው ነድዶ አይጠፋም። እሳቱ ለዘመናት በተከማቸው የቅጠል ብስባሽ ውስጥ ገብቶ በሥር በሥር ይሄዳል፣ ባዶ ግንድ ውስጥ ተደብቆ ይሰነብታል፣ ጠፋ ተብሎ ሰው ሲመለስ ከኋላ ይነሣል። በባሌና ያኔ ቦረና ዞን ውስጥ በነበረው በሻኪሶ በኩል የተነሣው ቃጠሎ ለሳምንታት ዘለቀ፤ በእሳቱ የተነካው መሬት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር። ዝግባው፣ ኮሶው፣ የቡናው ጥላ፣ የንብ ቀፎው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። የደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ፓርክም ከእሳቱ የራቀ አልነበረም።

አገሪቱ ያኔ ጦርነት ላይ ነበረች። ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ውጊያ ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ነበር የቀረው፤ አውሮፕላኑም ሰዉም ገንዘቡም ወደ ሰሜን ነበር የሚያየው። ደን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ነበር፣ የደን እሳት የሚያጠፋ የሠለጠነ ቡድን ግን አልነበረም። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ በአሥር ሺዎች ወጥቶ በቅጠል እየመታ፣ በመጥረቢያ እየመነጠረ፣ በአካፋ አፈር እየደፋ ተዋጋ። ውኃ በጄሪካን ተሸክሞ ገደል መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የባሌን ዳገት ያየ ያውቀዋል። ከጀርመን ፍራይቡርግ የዓለም አቀፍ የእሳት ክትትል ማዕከል ኃላፊው ዮሃን ጎልዳመር መጡ፣ ከደቡብ አፍሪካ የእሳት ማጥፋት ባለሙያዎች ቡድን መጣ። መጨረሻ ላይ ግን ከሰው ጥረት ጋር ነገሩን የዘጋው የዘገየው ዝናብ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እንዲህ ላለው ዘመቻ ይመስለኛል።

እሳቱ በደን ብቻ አልቆመም። በኦሮሚያ ከተሞች ተማሪዎች መንግሥት ለደኑ ግድ የለውም ብለው ሰልፍ ወጡ። ጥይት ተተኮሰ፣ ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ። ያን ጊዜ በሻይ ቤቱ የነበረው ክርክር ማን ለኮሰው የሚል ነበር። አንዱ ወገን ማር ቆራጩንና እረኛውን ይከሳል፣ ሌላው መንግሥትን ይከሳል፣ ሦስተኛው ጠላት ነው ይላል። ደኑ እስኪነድ ድረስ ማንም የማይጠይቀው የባለቤትነት ጥያቄ ሲነድ ግን የሁሉም ሆነ። እኔ እዚህ ላይ ተማሪዎቹን መውቀስ አልችልም። የነሱ ጥያቄ «ማን ለኮሰ» ሳይሆን «ማን ሊያጠፋ ይገባው ነበር» የሚል ነበርና።

በመስከረም 1993 አዲስ አበባ ላይ ስለ ደን እሳት አያያዝ የሁለት ቀን የክብ ጠረጴዛ ስብሰባ ተደረገ። እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚያቀርባቸው ሐሳቦች የታወቁ ናቸው፤ ማስጠንቀቂያ፣ ሥልጠና፣ መሣሪያ፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ጥሩ ሐሳቦች ናቸው። ከ18 ዓመት ተኩል በኋላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ግን ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ እሳት አጥፊዎች ከእስራኤል መጡ። የገበሬው መሣሪያ ያው ቅጠልና አካፋ ነበር።

ወደ እረኛው ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ከጭላሎና ከገለማ፣ ከካካም ሆነ ከባሌ ከፍታዎች ጫካው ሲያልቅ አስታ ይጀምራል። የአርሲ ሰው «ሳቶ» ይለዋል። ቅጠሉ ደቃቅ፣ እንጨቱ ጠንካራ፣ ሲያረጅ ከቅርንጫፉ እንደ ጺም የሚንጠለጠል ሽበት የሚያወጣ ዛፍ ነው። ያረጀ አስታ ለከብት አይሆንም፤ ጥቅጥቅ ብሎ ይዘጋል፣ ሣር አያስበቅልም፣ ጅብና ነብር ይደበቁበታል። በደረቅ ወር እሳት ከነካው ከሰው ቁመት በላይ ነበልባል ያወጣል። ሥሩ ግን አይሞትም። ከጉቶው ለጋ ቡቃያ ያወጣል፣ በመሐሉ ሣር ይበቅላል፣ ላሞቹ ይመለሳሉ። ይህን እረኛው ከአያቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የኢትዮጵያና የስዊድን ተመራማሪዎች በባሌ ተራሮች ከእረኞች ጋር ባደረጉት፣ በ2004 ዓ.ም በታተመው ጥናት የተገኘው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። እረኞቹ የሚያቃጥሉበትን ምክንያት ሲናገሩ ከግጦሹ ሌላ አውሬውንና ለከብት መርዝ የሆነ አባጨጓሬን ይጨምራሉ። ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፤ በቅርቡ የነደደ ወጣት አስታ ለተወሰኑ ዓመታት እሳት አይቀበልም። ስለዚህ ዘንድሮ እዚህ፣ ከርሞ እዚያ እየተባለ ሲቃጠል ተራራው እንደ ተጣጣፈ ጨርቅ ይሆናል፤ እሳት ከአንዱ ጥፍ ተነሥቶ ወጣቱ አስታ ጋ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ማጥፊያ መኪና አያስፈልገውም።

ሕጉ ይህን አያውቅም። በደርጉ ጊዜም፣ ከዚያም ወዲህ፣ በ1999ኙም ሆነ በ2010ሩ የደን አዋጅ፣ ደን ውስጥ እሳት መለኮስ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የሕግ አውጪው ሐሳብ ይገባኛል፤ ሐረናን ያየ ሰው ምን ሊጽፍ ኖሯል? ችግሩ ሐረናና የጭላሎ አስታ አንድ ዓይነት ደን አለመሆናቸው ነው። ዝግባና ኮሶ ከነደደ የሰው ዕድሜ አይመልሰውም። አስታ ይመለሳል። በአንድ አንቀጽ ሁለቱን ሲከለክሉ የተገኘው ውጤት እሳት አለመኖር አይደለም። ድሮ ሽማግሌ ባለበት፣ በቀን፣ ነፋሱ ታይቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይለኮስ የነበረው ዛሬ አንድ ወጣት ለብቻው ክብሪት ጭሮ ቶሎ ከቦታው የሚርቅበት ሆነ። ጠባቂው ሲመጣ የሚደረገው ንግግርም ያው ነው።

«አባባ፣ ይሄን ማን ለኮሰው?»

«እኛ ምን እናውቃለን ልጄ። ራሱ ተነሣ።»

ጠባቂውም ራሱ እንዳልተነሣ ያውቃል፣ ሽማግሌውም ጠባቂው እንደሚያውቅ ያውቃል። አሜሪካኖች ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ሄደውበታል። እ.ኤ.አ. በ1935 የደን አገልግሎታቸው የታየ እሳት ሁሉ በማግሥቱ ጠዋት በአራት ሰዓት መጥፋት አለበት ብሎ ደነገገ። በ1978 መመሪያውን ራሳቸው ተዉት፤ ለአሥርት ዓመታት ሳይነድ የተከመረው ቁጥቋጦ አንድ ቀን ሲያያዝ የሚያቆመው እንደሌለ አይተው ነው። ከዚያ በፊት በዚያ ምድር የነበሩት ነባር ሕዝቦች እንደ አርሲ እረኛ በየተራ እያቃጠሉ ይኖሩ ነበር።

እረኛው ለምን እዚያ ከፍታ ላይ ወጣ የሚለው ደግሞ የአሰላ የራሷ ታሪክ ነው። በ1960 ዓ.ም በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ዩኒት፣ ካዱ፣ አሰላ ላይ ሲቋቋም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ የተሻለች ላምና ወተት ይዞ መጣ። ካዱ ለአርሲ ያደረገውን ማንም አይክድም፤ የአርሲ ስንዴ ዛሬ የአገር እንጀራ፣ ይቅርታ፣ የአገር ዳቦ ሆኗል። ግን ስንዴው ትርፋማ ሲሆን የመሬቱ ጌታ ትራክተር ገዛ፣ ጭሰኛውን አስነሣ። ሜዳው ታረሰ። ከብቱ ወደ ዳገቱ ተገፋ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጌታውን ቢያነሣም ማረሻው ወደ ላይ መውጣቱን አላቆመም። ከ1978 ጀምሮ በመንደር ምሥረታ ብዙ የአርሲ ገበሬ ቤቱን አፍርሶ ሌላ ሲሠራ ለዚያ ሁሉ ጎጆ የሚሆነው እንጨት ከሰማይ አልወረደም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ በተፈጠረው ክፍተት ደግሞ በአገሪቱ ብዙ ቦታ የተተከለ ደን በሳምንታት ውስጥ ተመነጠረ፤ የመንግሥት ነበራ፣ መንግሥት ሲሄድ አብሮ ሄደ። እንግዲህ ዛሬ ጭላሎ ጫፍ ላይ ክብሪት የሚጭረው ሰው ሜዳው ላይ ቦታ ያጣ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ነው።

በምዕራብ በኩል ያለው ሙኔሳ ሌላ ዓይነት ሥጋት አለበት። ዴጋጋ፣ ጋምቦና ሶሌ በነበሩት የእንጨት መሰንጠቂያዎች ዙሪያ የጥንቱ ዝግባና ጽድ ሲያልቅ በቦታው የፈረንጅ ጽድ፣ ፓቱላና ባሕር ዛፍ ተተከለ። ፓቱላ ሙጫ ያለው ዛፍ ነው፤ ከሥሩ የሚረግፈው መርፌ ቅጠል ለጫሪ የተዘጋጀ ማገዶ ነው። ኮሶና ዝግባ ለማቃጠል ብዙ ወር ድርቅ ያስፈልጋል። ለፓቱላ ሁለትና ሦስት ደረቅ ሳምንት ከነፋስ ጋር ይበቃል። ጭላሎና ገለማ፣ ካካና ሁንቆሎ፣ ዴራ ዲልፈቃርና ጉጉ ተጠቃለው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተባሉ ወዲህ ጥበቃው በወረቀት ላይ ሰፍቷል። ከብቱ ግን አልቀነሰም።

ታዲያ ትንበያው ምን ሊጨምር ይችላል? የዚህ ሙያ ያላቸው አገሮች የሚጠቀሙበት ዘዴ ምሥጢር አይደለም። ካናዳውያን ከ1960ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ የሚጠቀሙበት የእሳት አየር መለኪያ የሚጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነው፤ የቀትር ሙቀት፣ የአየር እርጥበት፣ የነፋስ ፍጥነትና ያለፈው ቀን ዝናብ። ከነዚህ ተነሥቶ ላይኛው ሣርና ቅጠል፣ መሐለኛው ብስባሽ፣ ጥልቁ አፈር ለየብቻ ምን ያህል እንደደረቁ በየቀኑ ያሰላል። አውስትራሊያውያን ውጤቱን በየመንገዱ ዳር ግማሽ ክብ ሰሌዳ ላይ በቀለም ያሳያሉ፤ በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ወደ አራት ደረጃ አቃለሉት፣ አራተኛው «አጥፊ» እንደ ማለት ነው። በዚያ ቀን ሰው ከብት መጥበሻ ምድጃ እንኳ አይለኩስም።

ለአርሲ እንዲህ ያለ ደረጃ የሚያስፈልገው ለመከልከል ብቻ አይደለም። ለመፍቀድም ነው። «በዚህ ሳምንት አስታው ይነዳል፣ ታች ያለው ጫካ ግን ገና እርጥብ ነው» ብሎ የሚናገር ሰው ካለ ከሽማግሌዎች ጋር ቀን መቁረጥ ይቻላል፤ «ዘንድሮ ላ ኒኛ ናት፣ ኮሶው ድረስ ደርቋል፣ ማንም ክብሪት አይጫር» ሲባልም እረኛው ምክንያቱን ሰምቶ ይቀበላል። ዓመቱን ሙሉ «አትለኩስ» ብቻ የሚባል ሰው ግን የ1992ን ዓይነት የካቲት ከሌላው የካቲት የሚለይበት ምንም የለውም። ትንበያው የሚነገረው ጥር ላይ ነው። እረኛው የሚለኩሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜው እንኳ ተመቻችቶ ነበር።

ከባዱ ነገር ቁጥሩ እንዳይመስላችሁ። ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ በአዳማው መንገድ፣ የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ፤ ከካዱ ዘመን ጀምሮ በስንዴ የታወቀው ማለት ነው። ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ ነፋሱ፣ ዝናቡ እዚያ ይመዘገባል። ሜዳውና ተራራው እኩል አይደሉም ለሚል፣ እውነት ነው፣ ጭላሎ ላይ አንድ ሁለት ጣቢያ መጨመር ያስፈልጋል። እስከዚያው የዝናብ መለኪያ ጣሳው በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይነበባል። በየካቲት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ዜሮ ነው። ስንት ዜሮ ተከታትሎ እንደመጣ መቁጠርና ቁጥሩን ለዲገሉና ጢጆ ወይም ለሙኔሳ ወረዳ በስልክ መንገር የአንድ ሰው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።